የዮናስ አውራ ጣት

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ወይጦ ላይ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ እኔን ለትምህርት ብሎ ጂንካ እህቱ ዘንድ አስቀመጠኝ፤ እህቱ አክስቴ ጽጌ ናት። የማወራችሁ ነገር የሆነው በዚያው ዓመት፣ በበልጉ ዝናብ ነው።

ባለፈው ሰሞን ቀሚስ ላሳጥር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውየው የስፌት መኪናውን ዘይት ሲያጠጣ ሽታው ደረሰብኝ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ቆምኩ። ምነው እናቴ፣ አመመዎት ወይ አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? የአጎቴ የማቲዎስ ክፍል ሽታ ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት፣ ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ፣ ትንሽ ደግሞ የዛገ ሽቦ። ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር፣ እሳት በመሰለ ፀሐይ ውስጥ ብሆን እንኳ፣ የክንዴ ፀጉር ይቆማል።

አጎቴ ማቲዎስ የአባቴም የአክስቴም ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት አላገባም። በአክስቴ ግቢ ጥግ ካለችው ክፍል ይኖራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ዳር ተቀምጦ ይሰፋል፣ በሌላው ቀን እዚያችው ክፍሉ ውስጥ። ዝምተኛ ነው። አፉ ውስጥ ሁልጊዜ መርፌ ስለሚይዝ ነበር ዝም የሚል የሚመስለኝ። የሚናገረው ጊታር ሲይዝ ነው።

ጸሎት ቤታችን ሁለት ጊታር ነበራት። አንዱን አጎቴ፣ ሌላውን የአክስቴ ልጅ ዮናስ ይጫወቱ ነበር። አጎቴ በቀጭኖቹ ክሮች ዜማውን ያወጣል፤ ዮናስ በወፍራሞቹ ከሥር ከሥር ይከተለዋል። ዮናስ ልጅ ሳለ የቀኝ አውራ ጣቱን ጫፍ ማጭድ ወስዶበታል። በዚያች በጎደለች ጣት ሲመታ ታዲያ ከአራቱ ምት አንዷ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ትንሽ ቆየት ብላ፣ ዱም። የሚያነክስ ሰው ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። መዘምራኑ «ዮናስ መጣ፣ እያነከሰ መጣ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም እናንተ ብትሮጡም የምንደርሰው አንድ ላይ ነው ይላቸዋል፤ እውነትም መዝሙሩ ሲያልቅ እኩል ነበር የሚደርሱት።

ጸሎት ቤቷ በጥቅምት ታሸገች። አንደኛውን ጊታር ቀበሌ ለኪነት ቡድኑ ወሰደው፤ ሌላውን አጎቴ ለጥገና በመጣ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቤት አስገባው። በኅዳር ደግሞ ዮናስን ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ወሰዱት። አክስቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከዮናስ ሌላ ልጅ የላትም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ መጠበቅ ሆነ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሀል ያለ ሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይጮኻል፤ ልጆች ከብቱንና ፍየሉን ከሣሩ ላይ ያባርራሉ። አክስቴም ዶማዋን ጥላ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አጥሩ ዘንድ ትሄዳለች። ወታደር በአውሮፕላን እንደማይመለስ፣ ቢመለስም በአርባ ምንጭ የጭነት መኪና እንደሚመጣ ታውቃለች። ብቻ ትሄዳለች። ማንም ሳይጠይቃት «በቆሎው እሸት ሲይዝ ይመጣል» ትላለች።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ዳር አጎቴ አጠገብ ተቀምጬ ቁልፍ ስለቅም፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው መጣ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከከረጢቱ ሱሪ አወጣና አንደኛው እግር እንዲያጥርለት ጠየቀ። አጎቴ ሜትሩን ሲያነሳ፣ ሰውየው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ጥቂት ነገር ተናገረ። አጎቴ ድገምልኝ አለው። ደገመለት። ከዚያ አጎቴ ሱሪውን ሰፋው፤ ፈታው፤ እንደገና ሰፋው፤ አሁንም ፈታው። ሰውየው ምርኩዙን ተደግፎ ይጠብቃል፣ አይቆጣም። እኔ አጎቴ ስፌት ጠፋበት ብዬ አፈርኩለት።

ግራ እንዳትጋቡ፣ ኋላ የሰማሁትን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሰውየው ከዮናስ ጋር በአንድ ጦር የነበረ ነው። ዮናስን በገዛ እጁ መቅበሩን ነው የነገረው። መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ አይነገርም። የቤቱ ታላቅ መገኘት አለበት። ጎረቤት ሳይነጋ በር ላይ መሰብሰብ አለበት። ጠንካራ ሴቶች እናትየዋን ከግራና ከቀኝ ለመያዝ ተዘጋጅተው መግባት አለባቸው። የቤቱ ታላቅ አባቴ ነው፤ አባቴ ያለው ወይጦ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል፣ መኪና አያልፍም። ሽማግሌዎቹ ውሃው እስኪጎድል እንቆይ አሉ። እናም ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን አክስቴ ብቻ ሳታውቅ፣ አጎቴ በየቀኑ ከሷ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላ ነበር። እኔም አላውቅም።

እኔ የማውቀው ጊታሩን ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተራራው የወረደ ጉም ግቢያችንን ሞልቶታል። አክስቴ በቆሎዋ መሀል ናት፤ ዶማዋ ሲያርፍ ይሰማል እንጂ አትታይም። ከአጎቴ ክፍል የጊታር ድምፅ ይመጣል። የሁለት ጊታር ድምፅ። አንዱ ቀጭን፣ ዜማ የሚያወጣ። ሌላው ወፍራም፣ ከሥር የሚሄድ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ቆየት ብሎ፣ ዱም።

ዮናስ መጣ ብዬ ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት አየሁ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል፤ ብቻውን። ፊት ለፊቱ ባዶ በርጩማ አለ። ሌላ ሰው የለም፣ ሌላ ጊታር የለም፣ መሬቱ ላይ የሱ ጫማ ብቻ። ድምፁ ግን የሁለት ሰው ነው። መሀል ላይ አጎቴ ወደ በርጩማው ቀና አለና «አትቸኩል» አለው።

እየረገጥኩት ያለው መሬት ድምፅ እንዳያሰማብኝ ተጠንቅቄ ወደ ኋላዬ ሄድኩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ያኔ እኛ የምናውቀው ጊታር ግርፍ ብቻ ነው። ከጀሪካን በተቆረጠች መምቻ ክሩን ሁሉ ባንዴ ከላይ ወደ ታች መግረፍ። እኔም አጎቴ ሲፈቅድልኝ እንደዚያ እገርፍ ነበር። አንድ ሰው በአንድ እጅ ሁለት ሰው ይሆናል የሚል ነገር በልጅ አእምሮዬ አልነበረም። ስለዚህ የቀረኝ አንድ መልስ ነው። ዮናስ ይመጣል፤ ግን አይታይም።

ማስረጃም ነበረኝ። አክስቴ የዮናስን ሰማያዊ ሸሚዝ በየሳምንቱ ታጥበዋለች። ያልተለበሰ ልብስ ለምን ይታጠባል? ይለብሰዋላ። ትምህርት ቤት አብራኝ አንድ ዴስክ የምትቀመጥ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነበረች፤ ስሙን ሳልጠራ ነገሩን ጫፍ ጫፉን ነገርኳት። እሷም ረጋ ብላ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ቤቱን ሊያይ ይመጣል፤ ብቻ ስሙን እንዳትጠሪው፣ ከጠራሽው ወደ ገላው የሚመለስበት መንገድ ይጠፋዋል አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዮናስን ስም ከአፌ አላወጣሁም። በጸሎት ላይ እንኳ «ያንን ልጅ ጠብቀው» ነበር የምለው።

ይብስ ያስፈራኝ ግን አክስቴም መስማቷ ነው። አንድ ከሰዓት የአምናውን የበቆሎ አገዳ ተሸክማ ከጉሙ ውስጥ ስትወጣ አየኋት። ድምፁ ተጀመረ። እግሯ መሬት ሳይነካ የቀረ እስኪመስል ቀጥ ብላ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ያቺ የምትዘገየው ምት ስትደርስ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰላምታ እንደምትመልስ ሰው። ከዚያ አየችኝና ምን ታያለሽ፣ ሂጂ እሳቱን አንድጂ አለችኝ። ድምጿ ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ ጭቃ አቡክታ የዮናስን መደብና ግድግዳውን መለቅለቅ ጀመረች። ዝናብ ነው፣ አይደርቅም። ትለቀልቃለች፣ ይረግፋል፣ ትለቀልቃለች። እኔም ሆንኩ እሷ አጎቴን አንድ ቃል አልጠየቅነውም። ያ ቤት እንዲህ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ድምፅ እንሰማለን፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን አጎቴ በበሩ ክፍተት ሳይ ያዘኝ። እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ «ማርታ፣ ግቢ» አለ። ገባሁ። ዓይኔ ወደ በርጩማው ሄደ።

«አብሮህ ያለው ማነው?» አልኩት።

«ማንም የለም።»

ሁለት ናችሁ፣ ሰምቻለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ፊቴን ሲያየው ፍርሃቴ ገባው መሰለኝ፤ ጊታሩን አስተካክሎ ያዘና እጄን ተመልከቺ አለኝ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻውን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሄደ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው። ከዚያ አውራ ጣቱ አርፎ ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ቀጭኖቹን እየነጠሉ ሳቡ። ከዚያ ሁለቱም ባንድነት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ገባ። በዓይኔ አንድ እጅ እያየሁ፣ ጆሮዬ ግን አላመነም።

ከማን ተማርከው አልኩት። ከማንም፣ ወፍራሙን የሚይዝልኝ ሳጣ ጊዜ ነው አለ። ከዚያ የምገርፍባትን መምቻ ከጠረጴዛው አንስቶ የቁልፍ ጣሳው ውስጥ ጣላት። ፍርሃት እንዲለቅሽ ራስሽ ታደርጊዋለሽ አለኝ።

ትምህርቱ የተጀመረው በጊታር አይደለም፤ በስፌት መኪናው ነው። መርፌውን ከፍ አድርጎ ክሩን አወጣና እግሬን ፔዳሉ ላይ አስቀመጠው። እግርሽ ይሂድ፣ አንቺ ስለ ወይጦ አውሪልኝ አለ። ወሬ ስጀምር እግሬ ይቆማል። እግሬ ሲሄድ ወሬው ይጠፋብኛል። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ አጎቴ በእጁ ይመልሰዋል። እኔ እንደምታውቁኝ ወሬ አይቸግረኝም፤ ያን ጊዜ ግን አባቴ ምን ይሠራል ሲለኝ እንኳ መልሱ እግሬ ውስጥ ይሰምጥ ነበር።

አጎቴ አይቆጣም። «እግር እጅ የሚሠራውን አይጠይቅም» ይለኛል። «ልብስ ስሰፋ እግሬ ያለ እኔ ነው የሚሄደው። አውራ ጣትሽም ያለ አንቺ መሄድ አለበት።»

ያለ አንቺ የሚለውን ቃል አልወደድኩትም።

አንድ ከሰዓት ግን ወይጦ ላይ ጎርፍ የወሰዳትን ጊደር ታሪክ እያወራሁለት፣ ወሬው ጥሞኝ፣ ጊደሯ ከወንዙ ማዶ ስትወጣ፣ ዝቅ ብዬ አየሁ። እግሬ እየሄደ ነው። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። የሌላ ሰው እግር ከጉልበቴ ሥር የተሰፋ መሰለኝ። ጮኼ እግሬን አነሳሁ፤ አጎቴ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ ወደ ጊታሩ ተዛወርን። አንደኛው ወፍራም ክር ተበጥሶ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው የተተካው፤ አውራ ጣቴን ይበላዋል፣ ጣቴም ዝገት ዝገት ይሸታል። አጎቴ ሲያስተምረኝ ምቱን ቀጥ አድርጎ ነው፤ የዮናስን ማነከስ አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም። ሳዘገይ ጠረጴዛውን በመቀስ እጀታ ይመታልኛል። እኔ ጣቶቼን ከአውራ ጣቴ ማላቀቅ አቃተኝ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ተከትሎት ይሄዳል፤ እንደ ታሰሩ ፍየሎች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ እገባለሁ፣ በርጩማው ላይ ግን አልቀመጥም፤ አጎቴም ተቀመጪ አላለኝም። የጨርቅ ክምር ላይ ነበር የምቀመጠው።

አንድ ቀን ሆነልኝ። ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። አጎቴ አፉን በመርፌ ሞልቶ የአንድ ሰው ሰፊ ኮት ጎኑን ያስገባል፤ እኔ አንድ የጸሎት ቤታችንን መዝሙር በሁለቱ ጣቶቼ እፈልጋለሁ። ዝናቡን እየሰማሁ ሐሳቤ ወጣ። ስመለስ አውራ ጣቴ ሄዷል። ያለ እኔ እየሄደ ነው። ቀጭኑ ዜማ ከላይ፣ ወፍራሙ ከሥር፣ ሁለት ሰው ሆኜ ተቀምጫለሁ። ደስታዬ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየው። ምክንያቱም ሰማሁት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ቆየት ብሎ፣ ዱም።

አላስተማረኝም። ላቃናው ሞከርኩ። አውራ ጣቴ እንቢ አለ፤ ያቺ ምት ስትደርስ እንደሚያስብ ሰው ቆም ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጊታሩን ልጥለው ፈልጌ እጄ አልለቅ አለኝ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አጎቴ ጣቴን እያየ ነው፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

በሩ ተከፈተ። አክስቴ ናት። እጇ እስከ ክርኗ በልቅላቂ ጭቃ ተለውሷል፤ ዝናቡ ከራሷ ይወርዳል። ፊቷ ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም።

«የታለ?» አለች።

በርጩማውን አየች። በሩን ስባ ከኋላው አየች። ከዚያ እኔን፤ ጭኔ ላይ ያለውን ጊታር፣ ጣቴን። ከዚያ አጎቴን፤ ሁለት እጁ ኮቱ ላይ ነው። ብርሃኑ ከፊቷ ወዲያው አልጠፋም። ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ ውሃ ከጨርቅ ውስጥ እንደሚወርድ።

«ማቲዎስ፣ ይኼ የልጄ እጅ ነው» አለች። «ባለቤቱ የሚመጣ ከሆነ፣ ለምን ለሌላ ታስተምራለህ?»

አጎቴ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የመጨረሻዋን ካወጣ በኋላም ከአፉ ቃል አልወጣም። መርዶው ያ ነው። ጠዋት አልነበረም፣ አባቴ አልነበረም፣ የሚይዟት ሴቶች አልነበሩም። እኔና አጎቴ ብቻ፣ ዝናቡም።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ጭቃው እጇ ላይ እየደረቀ ሳለ ማን ማን ያውቃል ብላ ጠየቀችው፤ እሱም አንድ በአንድ ነገራት። ሽማግሌዎቹ። ወተት የምታመጣልን ሴት። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት።

«ዛሬ ጠዋት በቆሎዬን መርቃልኝ ያለፈችው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አጎቴ ጎረቤት ጥሪ ብሎ ላከኝ። በጭቃው ውስጥ ስሮጥ ምን ብዬ እንደምጠራ አላውቅም ነበር፤ ደግነቱ መናገር አላስፈለገኝም። በር ላይ ስቆም ሴቶቹ ፊቴን አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ማታውን ግቢው በሰው ሞላ። ሽማግሌዎቹ አጎቴን ጥግ ወስደው፣ መርዶ በጊታር ተረድቶ ያውቃል ወይ እያሉ ወቀሱት። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። አባቴ ውሃው ሲጎድል ደረሰ፤ ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ ሲገባ አክስቴ ናት ያቀፈችው።

የእጄን ነገር አጎቴን ጠየቅሁት። እኔ አላስተማርኩሽም አለኝ። ጆሮሽ ይዞት ይሆናል አለ። በሳንቃው ስንጥቅ ስታደምጪ ከርመሻል፣ ጆሮ ለጣት ይነግራል። ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሲለው ወደኔ አላየም፤ ወደ በርጩማው ነበር የሚያየው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ፣ በቆሎው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ አክስቴ ጥቁር እንደለበሰች ወደ አጎቴ ክፍል መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጊታሩን ከእጄ ወሰደች። የሱን አሳየኝ አለችው። አጎቴ አሳያት። ጣቶቿ ዶማ ያደነደናቸው ናቸው፣ የፍሬን ሽቦው አልጎዳትም። አውራ ጣቷን ብቻ ተማረች። ቀጭኖቹን ክሮች ላሳይሽ ሲላት አልፈለገችም። ያቺን የምትዘገይ ምት ሊያቃናላት ሲሞክር እጁን ገፋችው። ትምህርት ተዘግቶ ወደ ወይጦ እስክመለስ ድረስ፣ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ትመታ ነበር። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣና በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲላት፣ ቀና አትልም። ጨርሳ ነው ሰላም የምትለው።